ርቆ የተቀበረ ሀብት፦ በምን ይጓጓዛል? ሸክሙስ ማን ላይ ይወድቃል?

በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከአውስትራሊያ በስተሰሜን ባለችው የኒው ጊኒ ደሴት፣ ቡሎሎ በሚባል ሸለቆ ብዙ ወርቅ ነበር። ወርቁ ከወንዝ አሸዋ ጋር የተደባለቀ ነው። እሱን ለማውጣት ድሬጅ የሚባል፣ ውሃ ላይ እየተንሳፈፈ አሸዋ የሚዝቅና የሚያጥብ ግዙፍ ማሽን ያስፈልጋል። የአንዱ ክብደት ከ1,000 ቶን በላይ ነው። ከባሕር ዳርቻው እስከ ሸለቆው ደግሞ መኪና የሚያስኬድ መንገድ የለም። ያለው ገደልና ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው። ዕቃ ተሸካሚዎች በእግራቸው ሳምንት ገደማ ይፈጅባቸው ነበር።

ወርቁን ሊያወጣ የተነሳው ኩባንያ መንገድ አልሠራም። ማሽኑን በክፍል በክፍል ፈታትቶ በአውሮፕላን አስገባው። ዩንከርስ ጂ31 የሚባሉ የጀርመን አውሮፕላኖች ጣሪያቸው ላይ መክፈቻ ተሠራላቸው። ዕቃው በክሬን ከላይ ይወርድባቸዋል። በአንድ በረራ ሦስት ቶን ገደማ ይዘው ተራራውን ይሻገራሉ፣ ያራግፋሉ፣ ይመለሳሉ። የመጀመሪያው ድሬጅ በ1932 ሥራ ጀመረ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አሥር ዓመት ሳይሞላ ስምንት ድሬጆች ሸለቆው ውስጥ ነበሩ። ሁሉም በአየር የገቡ ናቸው።

እንዲህ ያለ ነገር ስናነብ ዓይናችን ብልሃቱ ላይ ይቀራል። ደግሞም የሚደነቅ ሥራ ነው። ግን ቡሎሎ ላይ አውሮፕላን ያዋጣው አንድ ምክንያት ስላለ ነው። ማሽኑ የሚገባው አንዴ ነው። የሚወጣው ወርቅ ደግሞ በጥቂት ሳጥን የሚያልቅ ነው። መዳብ ቢሆን ኖሮ ወፍ የለም።

ለምን? መዳብ ተፈጭቶና ተለይቶ ኮንሰንትሬት የሚባለው ዱቄት ከሆነ በኋላ እንኳ፣ ከመቶ ኪሎው ውስጥ መዳቡ አብዛኛውን ጊዜ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ነው። ሌላው ድኝ፣ ብረትና ተራ ድንጋይ ነው። በዓመት አንድ ሚሊዮን ቶን ዱቄት የሚያወጣ ማዕድን ማውጫ አስቡ። 20 ቶን በሚያነሳ ነገር በአየር ላውጣው ቢል 50,000 በረራ ያስፈልገዋል። ዓመቱን ሙሉ ያለ እረፍት፣ በቀን 137 በረራ ማለት ነው። የአልማዝ ማውጫ ግን የዓመት ምርቱን በትንሽ አውሮፕላን ያወጣል። የእሱ ራስ ምታት የሚወጣው ሳይሆን የሚገባው ነው። ናፍጣው፣ ሲሚንቶው፣ ፈንጂው፣ የመኪና ጎማው፣ የሠራተኛው ምግብ። ሩቅ ያለ ማውጫ የመብራት መስመር ስለማይደርሰው ጄነሬተሩ ብቻውን የሚበላው ነዳጅ ጉድ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» አይደለም። «የሚገባው ስንት ቶን፣ የሚወጣው ስንት ቶን ነው? የአንዱ ቶን ዋጋስ?» ነው። ይህን ማንኛውም መሐንዲስ ያውቀዋል። ብዙ ጊዜ ተድበስብሶ የሚታለፈው ቀጣዩ ጥያቄ ነው። ማጓጓዣው ሲመረጥ የሚቆረጠው ወጪው ብቻ አይደለም። አቧራው፣ ጫጫታው፣ የውሃው መጉደልና የአደጋው ስጋት ማን ደጅ ላይ እንደሚወድቅም ያኔውኑ አብሮ ይቆረጣል።

ሐይቅ ላይ የሚሠራ መንገድ

ከሁሉም ያልተለመዱ ማጓጓዣዎች እኔን በጣም የሚገርመኝ በካናዳ ሰሜን ምዕራብ ግዛቶች ያለው የበረዶ መንገድ ነው። ቲቢት–ኮንትዎይቶ ይባላል። መጀመሪያ የተሠራው በ1982 ነው። ኢካቲና ዳያቪክ የሚባሉት የአልማዝ ማውጫዎች ከባድ ዕቃቸውን ሲያስገቡ የኖሩት በእሱ ነው። አብዛኛው ክፍሉ የረጋ ሐይቅ ነው። በየዓመቱ ክረምት (ብርዱ ሲበረታ) ይሠራል፣ ለሁለት ወር ገደማ ያገለግላል፣ ከዚያ ቀልጦ ይጠፋል።

አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው። መጀመሪያ በረዶው ላይ የተከመረው አመዳይ ይጠረጋል። አመዳዩ ብርዱን ስለሚከላከል ከሥሩ ያለው ውሃ ቶሎ አይረጋም። ሲጠረግ ብርዱ በቀጥታ ይገባል፣ በረዶው ይወፍራል። ውፍረቱን በራዳር እየለኩ ይከታተላሉ። አንድ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ሙሉ ጭነት የያዙ ተሳቢዎች ይለቀቃሉ። የጫነ መኪና በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ እንዲነዳ አይፈቀድለትም። ምክንያቱ መንሸራተቱ አይደለም። መኪናው በከበደና በፈጠነ ቁጥር ከበረዶው ሥር ያለው ውሃ ማዕበል ይሠራል። ማዕበሉ ቀድሞ ዳርቻው ጋ ደርሶ ሲመለስ በረዶውን ከታች ይሰብረዋል። ለዚህ ነው ወደ ዳር ሲጠጉ ይበልጥ የሚዘገዩት። ለዚህ ነው በመኪናና በመኪና መሃል ሰፊ ክፍተት የሚተወው።

በ2007 በዚህ መንገድ ከ10,000 በላይ ጭነት አልፏል። የዓመቱ ናፍጣ፣ የዓመቱ ሲሚንቶ፣ ሁሉም በጥቂት ሳምንት ገብቶ መጋዘን ውስጥ ይቀመጣል። በዚያ ወቅት ያልገባ ዕቃ ሌላ ዓመት ይጠብቃል፤ ወይ በውድ ዋጋ በአየር ይገባል። በ2006 የሆነው ይኸው ነው። ክረምቱ ሞቀ። መንገዱ ከተለመደው ቀድሞ ተዘጋ። ማውጫዎቹ የቀራቸውን ነዳጅና ዕቃ በአውሮፕላን ለማስገባት ተገደዱ። ዳያቪክ 20 ቶን ማንሳት የሚችለውን ኤምአይ-26 የተባለ የሩሲያ ሄሊኮፕተር እስከ መከራየት ደረሰ።

አየሩ እየሞቀ በሄደ ቁጥር እንዲህ ያለው ዓመት መደጋገሙ አይቀርም። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ የሚያገለግል ቋሚ መንገድ ይሠራ የሚለው ሐሳብ እየገፋ መጥቷል። ለማውጫዎቹ ጥሩ ነው። ነገር ግን እዚያው ምድር ላይ ባተርስት የሚባል የካሪቡ አጋዘን መንጋ አለ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ከ400,000 በላይ ነበር። በ2018 ሲቆጠር ከ10,000 በታች ወርዷል። የወረደበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። ይሁን እንጂ በዚህ አጋዘን ሥጋ የኖሩ ነባር ሕዝቦች ቋሚ መንገዱን በስጋት ቢያዩት አይፈረድባቸውም። የበረዶው መንገድ ለኩባንያው ድክመት የሆነው ነገር ለአጋዘኑ ጥቅሙ ነው። በጸደይ መንገዱ የለም። መኪናም የለም፣ አዳኝም በመኪና አይገባም። ቋሚ መንገድ ግን ከተሠራ በኋላ ማን ያጠፋዋል? ማውጫው ሲዘጋም እሱ ይኖራል።

የአየር መርከብ ተስፋ

መንገድ በሌለበት ቦታ ሁሉ ስሙ የሚነሳ ነገር አለ፦ የአየር መርከብ። ሂሊየም በሚባል ከአየር የቀለለ ጋዝ ተነፍቶ የሚንሳፈፍ፣ ማኮብኮቢያ የማይፈልግ፣ ነዳጅ የሚቆጥብ። ወረቀት ላይ እንከን የለውም።

ታሪኩ ግን ሌላ ነው። ጀርመን ውስጥ ካርጎሊፍተር የተባለ ኩባንያ 160 ቶን የሚያነሳ መርከብ ሊሠራ ተነሳ። ለመሥሪያው 360 ሜትር የሚረዝምና ከ100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው አዳራሽ ገነባ። መርከቡ ሳይሠራ በ2002 ኩባንያው ከሰረ። አዳራሹ ዛሬ የመዋኛና የመዝናኛ ቦታ ነው። በ2016 ደግሞ በሰሜን ኩዊቤክ ስትሬንጅ ሌክ የሚባለውን የብርቅዬ ማዕድናት ቦታ የያዘው ኩባንያ ምርቱን የአሜሪካው አውሮፕላን ሠሪ ሎክሂድ ማርቲን በነደፋቸው የአየር መርከቦች ለማውጣት ስምምነት ማድረጉን አሳወቀ። እያንዳንዳቸው 20 ቶን ገደማ የሚያነሱ ናቸው። በቀጣዩ ዓመት ኩባንያው ራሱ ከአበዳሪዎቹ የሕግ ከለላ ጠየቀ። መርከቦቹም ለሥራ አልደረሱም። አሁን ፍላይንግ ዌልስ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ 200 ሜትር የሚረዝምና 60 ቶን የሚያነሳ መርከብ እያዘጋጀ ነው። የኩዊቤክ መንግሥትም ገንዘብ አውጥቶበታል።

ከባዱ ነገር ማንሳቱ አይደለም፤ ማራገፉ ነው። 60 ቶን የተሸከመ የአየር መርከብ ጭነቱን ሲያወርድ በአንዴ በ60 ቶን ይቀላል። ያን ያህል ክብደት ውሃ ወይም ሌላ ነገር ካልተካለት ሽቅብ ይስበዋል። ስለዚህ በየማራገፊያው ያን ያህል ውሃ ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት። ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ በሆነ ቦታ ይህ ቀላል አይደለም። ነፋሱም አለ። 200 ሜትር የሚረዝም አካል መሬት አጠገብ ለነፋስ ትልቅ ሸራ ነው።

ይህን የምለው ሐሳቡን ለማጣጣል አይደለም። የነፋስ ኃይል ማመንጫ ክንፍ፣ ሆስፒታል፣ ለጥቂት ጊዜ የሚያስፈልግ ከባድ ማሽን ለማድረስ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ክብደቱ ትንሽ፣ ዋጋው ብዙ ለሆነ ማዕድንም ሊሆን ይችላል። ለመዳብና ለብረት ግን ከላይ የሠራነውን ሂሳብ አይለውጠውም። አንድ የማዕድን ፕሮጀክት «መንገድ አያስፈልገንም፣ የአየር መርከብ ይመጣል» ብሎ ፈቃድ ሲጠይቅ፣ ሰሚው መርከቡ ከሌለ ምን ሊያደርጉ እንዳሰቡ መጠየቅ አለበት። ሁለተኛው ዕቅድ መንገድ ከሆነ ፈቃዱ የሚሰጠው ለመንገድ ነው።

ገመድና ቧንቧ

ያለ አግባብ የተረሳው ግን የኬብል መስመር ነው። ስዊድን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነዳጅና ጎማ አጠራት። ክሪስቲንቤሪ ላይ ያለውን ማዕድን ቡሊደን ወደሚገኘው ማቀነባበሪያ የሚያመጣው ጠፋ። በ1943 የ96 ኪሎ ሜትር የገመድ መስመር ሥራ ጀመረ። ብረትም እጥረት ስለነበር ምሰሶዎቹ ከኮንክሪት ተሠሩ። ባልዲዎቹ በደንና በረግረግ ላይ እያለፉ እስከ 1987 ሠሩ። ለጊዜው ተብሎ የተሠራ ነገር ከ40 ዓመት በላይ ማገልገሉ ቀልድ አይደለም። ጋቦንም ከሞአንዳ የሚወጣውን ማንጋኒዝ በ76 ኪሎ ሜትር ገመድ አድርጋ ወደ ኮንጎ ትልክ ነበር፤ ከዚያ በባቡር ወደ ባሕር። የራሷን የባቡር ሐዲድ ከዘረጋች በኋላ መስመሩ ተዘጋ። በአርጀንቲና ቺሌሲቶ ደግሞ 4,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለ ማውጫ እስከ ከተማው ድረስ 35 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ገመድ በ1905 ተዘርግቶ ነበር።

የገመዱ ምስጢር ማዕድኑ ከላይ፣ መዳረሻው ከታች ሲሆን ነው። የሞላው ባልዲ ሲወርድ ባዶውን ይስበዋል። ቁልቁለቱ በቂ ከሆነ ሞተሩ የሚሠራው ለመግፋት ሳይሆን ለመያዝ ነው። ዛሬ ያን ጉልበት ወደ ኤሌክትሪክ መቀየር ይቻላል። መሬት የሚነካው ምሰሶው ቆሞ ባለበት ብቻ ነው። በመሃል ያለው እርሻ እርሻነቱን፣ ወንዙም ወንዝነቱን አይለቅም። አቧራ የሚያነሳ ጎማ የለም። ድክመትም አለው። በዓመት በአሥር ሚሊዮን ቶን የሚቆጠር ጭነት አይችልም። ነፋስ ሲበረታ ይቆማል። ኩባንያዎች የሚሸሹት ግን ለዚህ ብቻ አይመስለኝም። ገመድ ሲሠራ ገንዘቡ የሚወጣው መጀመሪያ ላይ ነው። መኪና ግን ነገ ቀጥረህ ነገ ታሰማራለህ፤ መንገዱንም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚጠግነው መንግሥት ነው።

ለብዙ ቶን የተገኘው መልስ ቧንቧ ነው። ማዕድኑ እንደ ዱቄት ይፈጫል፣ በውሃ ይበጠበጣል፣ በፓምፕ ይገፋል። በአውስትራሊያ ታዝማኒያ የሳቬጅ ሪቨር የብረት ማዕድን ከ1967 ጀምሮ በ85 ኪሎ ሜትር ቧንቧ ወደ ባሕር ሄዷል። የብራዚሉ ሚናስ-ሪዮ 529 ኪሎ ሜትር ነው። መሬት ውስጥ ተቀብሮ ያልፋል፣ ድምፅ የለውም፣ አቧራ የለውም። እስኪፈነዳ ድረስ ማንም አያስታውሰውም።

በመጋቢት 2018 ሚናስ-ሪዮ በጥቂት ሳምንት ልዩነት ሁለቴ አፈሰሰ። ሥራው እስከ ታኅሣሥ ቆመ። በፔሩ የአንታሚና የመዳብና የዚንክ ቧንቧ በሐምሌ 2012 ካሃካይ በሚባል መንደር አጠገብ ሲፈነዳ፣ የመንደሩ ሰዎች ፍሳሹን ለማገድ ያለ በቂ መከላከያ ተረባርበው ነበር። ከ200 በላይ ሰዎች ታመው ሕክምና ፈለጉ። እነዚያ ሰዎች የማዕድን ሠራተኞች አልነበሩም። ቧንቧው በአጠገባቸው ማለፉ ብቻ ነው ከነገሩ ጋር ያገናኛቸው።

ውሃውም አለ። በአሜሪካ አሪዞና ከብላክ ሜሳ የሚወጣ የድንጋይ ከሰል ከ1970 እስከ 2005 በ439 ኪሎ ሜትር ቧንቧ ወደ ኔቫዳ ኃይል ማመንጫ ተገፍቷል። ለመበጥበጫ በዓመት ከ4 ቢሊዮን ሊትር በላይ ንጹሕ የከርሰ ምድር ውሃ ይቀዳ ነበር። ቦታው በረሃ ነው። ውሃው የናቫሆና የሆፒ ሕዝቦች መጠጥ ነው። ምንጮቻቸው እየደረቁ መሆናቸውን ለዓመታት ጮኸው ተናግረዋል። ደረቅ አገር ላይ እንዲህ ያለ ቧንቧ ሲታሰብ ውሃው በሌላ ቧንቧ እንዲመለስ ወይም የባሕር ውሃ እንዲሆን ማስገደድ ይገባል። ካልሆነ ቢቀር ይሻላል።

ውል ሲኖርና ሳይኖር

ፔሩ ውስጥ ላስ ባምባስ የሚባል ትልቅ የመዳብ ማውጫ አለ። መጀመሪያ ለሕዝብ የቀረበው ዕቅድ የመዳቡ ዱቄት በቧንቧ ይሄዳል የሚል ነበር። በ2014 ባለቤትነቱ ኤምኤምጂ ለተባለው ኩባንያ ተላለፈ። ዕቅዱም ተቀየረ። ቧንቧው ቀርቶ ከባድ መኪና ሆነ። ለውጡ የጸደቀው እንደ መለስተኛ ማስተካከያ ተቆጥሮ፣ ሰፊ የሕዝብ ምክክር በማይጠይቅ አጭር ሥርዓት ነው። መኪኖቹ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው ባቡር ጋ ይደርሳሉ። መንገዱ ደግሞ በመንደርና በእርሻ መሃል የሚያልፍ፣ ብዙው ክፍሉ አስፋልት ያልለበሰ ነበር። ለገበሬው ማውጫው ሩቅ ነው፤ አቧራው ግን ቤቱ ገባ። በ2015 በተነሳው ተቃውሞ ሰዎች ሞቱ። ማውጫው ሥራ ከጀመረበት ከ2016 ወዲህ መንገዱ በድምሩ ከ400 ቀን በላይ ተዘግቷል። ኩባንያውም ከዚህ አላተረፈም። መጋዘን ሞልቶ ማምረት ያቆመበት ጊዜ አለ።

አሁን ወደ ካናዳ ላብራዶር እንሂድ። ቮይዚስ ቤይ የሚባለው የኒኬል ማውጫ ምርቱን የሚያወጣው በረዶ እየሰበረ በሚሄድ መርከብ ነው። እዚያ ያሉት የኢኑዊት ሕዝቦች በክረምት ባሕሩ ሲረጋ መንገዳቸው ያው በረዶ ነው። በበረዶ ሞተር ብስክሌት ለአደን፣ ለዓሣ፣ ለእንጨት ይሄዱበታል። መርከብ ሲያልፍ መንገዳቸው ለሁለት ይከፈላል። ይህ ገና ከጅምሩ ተነሳ። ድርድር ተደረገ፣ የክረምት መርከብ ጉዞ ውል ተፈረመ። በረዶው መርጋት ሲጀምርና በጸደይ መርከብ የማይገባበት ጊዜ ተወሰነ። መርከቡ ካለፈ በኋላም በተከፈተው መስመር ላይ ተንሳፋፊ ድልድይ ይዘረጋል፤ ሰው እንዲሻገር።

የድልድዩ ወጪ ከማውጫው ወጪ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ላስ ባምባስ ላይ የጠፋው ገንዘብም እውቀትም አልነበረም። የጠፋው በመንገዱ ዳር ያለውን ሰው እንደ ባለጉዳይ መቁጠር ነው። በማዕድን ፈቃድ ሥርዓት ውስጥ «ተጎጂ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ጉድጓዱ አጠገብ ያለው ሰው ነው። ካሳ፣ የሥራ ቅጥር፣ ትምህርት ቤት የሚታሰበው ለእሱ ነው። 300 ኪሎ ሜትር ርቆ መኪናው ወይም ቧንቧው የሚያልፍበት ሰው ከሒሳቡ ውጭ ነው።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ከ1930ዎቹ ጀምሮ በካናዳ ግሬት ቤር ሐይቅ ዳር ከተቆፈረው ማዕድን የወጣው ዩራኒየም አሜሪካ የመጀመሪያዎቹን አቶሚክ ቦምቦች በሠራችበት ፕሮጀክት ውስጥ ገብቷል። ማዕድኑ በጆንያ ሆኖ ከጀልባ ወደ ጀልባ ሲዘዋወር ከተሸከሙት መካከል ዴኔ የሚባለው የአካባቢው ነባር ሕዝብ ወንዶች ነበሩ። አንዱ ጆንያ 45 ኪሎ ገደማ ነው። ስለ ጨረሩ አደጋ የነገራቸው አልነበረም። ብዙዎቹ በኋላ በካንሰር እንደሞቱ ማኅበረሰቡ ይናገራል። በ2005 የወጣ የመንግሥትና የማኅበረሰቡ የጋራ ሪፖርት ካንሰሩን በእርግጠኝነት ከማዕድኑ ጋር ማያያዝ እንደማይቻል ደመደመ። የእነዚያ ሰዎች ልዑካን ግን በ1998 ሂሮሺማ ድረስ ሄደው ነበር። የተሸከሙት ነገር ምን እንደሠራ ሳያውቁ ለሠሩት ሥራ ኀዘናቸውን ለመግለጽ።

ለባትሪና ለኤሌክትሪክ መስመር ተብሎ የመዳብ፣ የኒኬልና የብርቅዬ ማዕድናት ፍላጎት እየጨመረ ነው። ቀላሉ ቦታ በብዛት ተቆፍሯል። የቀረው ሩቁ ነው፤ ተራራው፣ ደኑ፣ ዋልታው። ስለዚህ ድሮን፣ የአየር መርከብ፣ ሰው አልባ መኪና እያሉ የሚመጡ ዕቅዶች ይበዛሉ። ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤቶች ዛሬ ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አለ። የማጓጓዣውን መስመር ከጉድጓዱ ጋር አንድ ፋይል ያድርጉት፤ መስመሩ ዳር ያለውም ሰው ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ ይጠራ። ማጓጓዣው ከቧንቧ ወደ መኪና፣ ከበረዶ ወደ ቋሚ መንገድ ሲቀየር ደግሞ ያ ለውጥ «መለስተኛ ማስተካከያ» ተብሎ አይለፍ። ፈቃዱ እንደገና ከመጀመሪያው ይጠየቅ።